ፖምፓው ከመውረዱ በፊት

«ፖምፓው ሞቷል።» ናፍጣን በግፊት ወደ ሞተሩ ስለሚልከው ፖምፓ ይቺን ቃል አንድ ጋራዥ ውስጥ ሰምቼ ኪሴ ተራቁቷል። ቶዮታ ሃይሉክሴ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ትል ነበር። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይዞራል፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ተነስቶ መልሶ ይጠፋል። ፖምፓው ወረደ፣ ተሠራ፣ ተገጠመ። በማግስቱም ያው ናት። በኋላ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ኮፈኑን ከፈቱ። ከፊልትሮው (ከናፍጣ ማጣሪያው) አጠገብ ያለውን ጎሚኒ፣ የጎማውን ቱቦ፣ በጣታቸው ጠምዘዝ አደረጉና «ልጄ፣ ይኸው ተሰንጥቋል» አሉኝ። አንድ ክንድ ጎሚኒና ሁለት ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ) ገዛሁ። በዚያው ዳነች።

የኔዋ ባለ 3ኤል ሞተር ናት፤ 2.8 ሊትር፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የሌላት። የምጽፈውም እንደሷ ላሉ አሮጌ ናፍጣዎች ነው። ኮመን ሬል (በኮምፒውተር የሚታዘዝ የናፍጣ መርጫ) ያላቸውን አዳዲሶቹን በዚህ መንገድ እንዳትነኩ፤ ግፊታቸው ሰው ይጎዳል።

መጀመሪያ ይህን እንወቅ። በነዚህ ቶዮታዎች ታንከሩ ውስጥ ናፍጣ የሚገፋ ሌላ ፖምፓ የለም። ናፍጣውን ከታንከር ድረስ የሚስበው ራሱ ትልቁ ፖምፓ ነው። ስለዚህ መስመሩ ላይ ስንጥቅ ካለ ብዙ ጊዜ ናፍጣ አያንጠባጥብም፤ አየር ይስባል። መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ጤነኛ ይመስላችኋል። ሌሊት ናፍጣው ወደ ታንከር ይመለሳል፣ ጠዋት ፖምፓው አየር ይዞ ይጠብቃችኋል።

ጠዋት ቁልፍ ሳታዞሩ ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ ተጫኑ። ወዲያው ከጠነከረች መስመሩ ሙሉ ነው። ባዶ ባዶ እያለች ቆይታ ከጠነከረች፣ መኪናውም ከዚያ በኋላ ቶሎ ከተነሳ፣ አየር እየገባ ነው። የእጅ ፖምፓዋ ራሷም ላስቲኳ ሲያረጅ አየር ታስገባለች፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ላላ አድርጋችሁ ወደ ሃይላንድ አውርዱና ትንሽ አቆዩት። ውሃ ካለ ከታች ይተኛል። ነዳጅ ጠፍቶ ከጀሪካን የቀዳችሁ ሰሞን ይህን አትዝለሉት።

እኔ ከሁሉም የምወደው የጀሪካኑን ሙከራ ነው። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ንጹህ ናፍጣ ሞልታችሁ ከፖምፓው ከፍ አድርጉና በደንብ እሰሩት። ከፊልትሮ ወደ ፖምፓ የሚገባውን ጎሚኒ ፈትታችሁ በምትኩ ከጀሪካኑ የመጣ፣ ውስጡ የሚታይ ጎሚኒ ግጠሙ። ከፖምፓው ናፍጣ የሚመለስበትንም ጎሚኒ ወደዚያው ጀሪካን አስገቡት። አየሩ ወጥቶ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ከሠራ ፖምፓውን ተዉት። ጥፋቱ ከታንከር በፊልትሮው አልፎ እስከ ፖምፓው መግቢያ ባለው መስመር ላይ ነው።

ጨርሶ አልነሳ ካለ ደግሞ ፖምፓው ላይ አንድ ሽቦ ብቻ የምትገባበትን ማጥፊያ፣ ናፍጣውን በኤሌክትሪክ የምትከፍትና የምትዘጋውን፣ ፈልጉ። ሰው ቁልፉን ሲከፍትና ሲዘጋ እናንተ ጆሯችሁን አስጠጉ። «ጠቅ» ማለት አለባት። ካላለች በመሞከሪያ አምፖል 12 ቮልት መድረሱን እዩ። አንድ ወዳጄ በላላች ሽቦ ምክንያት ሃምሳ ኪሎ ሜትር ተጎትቶ ገብቷል። እስካሁን እንስቅበታለን።

ሞተሩ ተነስቶ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ከተንቀጠቀጠ በ17 ቁልፍ ወደ ኖዝሎቹ፣ ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ ወደሚረጩት፣ የሚሄዱትን ቱቦዎች ተራ በተራ ትንሽ አላሉ። ስታላሉ ድምፁ የማይለወጠው፣ የሰነፈው ሲሊንደር እሱ ነው። የዚያን ኖዝል ከሌላው ጋር አቀያይሩ፤ የመዳብ ዋሸሩ አዲስ ይሁን። ችግሩ ኖዝሉን ተከትሎ ከሄደ ኖዝል ነው። እዚያው ከቀረ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር የሚጨምቅበት ኃይል) ወይም ፖምፓ ይሆናል። ስታላሉ በጨርቅ ሸፍኑት፣ እጃችሁን ከፊቱ አትደቅኑ። በግፊት የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀዳዳው የመርፌ ቢመስልም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ጥቁር ጭስ ብቻውን ፖምፓን አያስከስስም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ቆሻሻ የአየር ፊልትሮ ሲጨመርበት ያጨሳል። ጉልበት አነሰኝ ብሎ የናፍጣ መጨመሪያውን ብሎን ማጥበቅ ግን ጭሱን ማባስ፣ ሞተሩንም ማቃጠል ነው።

ታዲያ ፖምፓ አይሞትም ወይ? ይሞታል። የኔም ሞተ፣ በሁለተኛው ዙር። ከጎጃም ጤፍ ጭኜ ከአባይ ድልድይ ወደ ጎሃ ጽዮን ስወጣ ሞተሩ እንዲያርፍ አጠፋሁት። ከ20 ደቂቃ በኋላ አልነሳም አለ። ጠዋት በግማሽ ዙር የምትነሳ መኪና! ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ የፖምፓው ራስና ፒስተን ካለቁ በቀጭኑ ናፍጣ ግፊት መፍጠር ያቅታቸዋል። ጨርቅ በውሃ ነክሬ ፖምፓው ላይ ጠቀለልኩ። ቀዝቃዛ ውሃ በቀጥታ መድፋት ግን ይቅር፣ ብረቱ ሊነክስ፣ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። ሩብ ሰዓት ጠበቅኩና ተነሳች። ሲሞቅ እምቢ፣ ሲቀዘቅዝ እሺ ካለ ምልክቱ ይኸው ነው። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣም ወደዚህ ያደርሳል፣ ፖምፓው ከናፍጣው ሌላ ቅባት የለውምና።

ከማስወረዳችሁ በፊት ፖምፓውና የተገጠመበት ብረት በሚገናኙበት ላይ በስለት አንድ መስመር ጭረቱ፤ ሲመለስ ልኩ እንዳይጠፋ። የመመለሻውን ብሎንም ለይታችሁ አስቀምጡ። «አውት» የሚል ተቀርጾበታል፣ ቀዳዳውም ጠባብ ነው። ከመግቢያው ጋር ከተለዋወጠ አዲስ ፖምፓም ጉልበት ያጣል። ፖምፓ ቤት ስትሄዱ ሲለካ ቁሙና እዩ፤ ለየሲሊንደሩ የሚወጣው በሚለካባቸው አራቱ ብርጭቆዎች ውስጥ ያለው ናፍጣ እኩል መሆን አለበት። አሮጌውን ዕቃ ስጡኝ በሉ።

ሲገጠም ደረቁን አታስነሱት። በእጅ ፖምፓ ሙሉት፣ አራቱን ቱቦዎች ኖዝሉ ጋ አላልታችሁ ናፍጣ እስኪመጣ በሞተሪኖ አዙሩ፣ ከዚያ አጥብቁ። ሞተሪኖውን እያሳረፋችሁ፤ የኔን በዚያ ቀን ላቃጥለው ትንሽ ነበር የቀረኝ።