የብዙ ቋንቋዎችን ጽሑፍ በኮንሶል ፕሮግራም መቀበልና ማሳየት

የኮንሶል ፕሮግራም (በጽሑፍ መስኮት የሚሠራ ፕሮግራም) ከላቲን ፊደል ውጭ ያለ ጽሑፍ ሲያበላሽ፣ ኮዱን ከመነካካት በፊት ስክሪኑ ላይ የወጣውን ምልክት ልብ ብሎ ማየት ይገባል። በየፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ከታየ ጽሑፉ በአብዛኛው ደህና ነው፤ የጎደለው ፊደሉን የያዘ ፎንት ነው። አንዱ ፊደል ወደ ሁለትና ሦስት እንግዳ ምልክቶች ከተበተነ ባይቶቹ (ፊደሉ በኮምፒውተር የሚቀመጥባቸው ቁጥሮች) በሌላ ኢንኮዲንግ፣ ማለትም ፊደልን ከባይት ጋር በሚያዛምድ ሌላ ደንብ፣ ተነብበዋል ማለት ነው። የጥያቄ ምልክት ከተደረደረ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ፊደሉ በመንገድ ላይ ስለተተካ ከውጤቱ መልሶ ማግኘት አይቻልም።

ጥርጣሬውን የሚቆርጠው ባይቶቹን በቁጥር አትሞ ማየት ነው። «ሰ» የብዙ ቋንቋዎችን ፊደል በሚይዘው ኢንኮዲንግ በዩቲኤፍ-8 ስትጻፍ 225፣ 136 እና 176 የተባሉ 3 ባይቶች ትይዛለች። እነዚህ ከወጡ ፕሮግራሙ ድርሻውን ተወጥቷል፤ በምትካቸው 63 ከወጣ ያ የጥያቄ ምልክት ቁጥር ስለሆነ ጥፋቱ የደረሰው ከዚያ ቀድሞ ነው።

በዊንዶውስ ኮንሶል የግቤቱና የውጤቱ ኮድ ገጽ (ኢንኮዲንጉን የሚሰይም ቁጥር) ለየብቻ የሚቀመጡ በመሆናቸው ሁለቱንም 65001፣ ማለትም የዩቲኤፍ-8 ቁጥር፣ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ግን ማሳያውን አስተካክሎ ግቤቱን ይረሳል። በሲ ሻርፕ የፕሮግራም ቋንቋም እንዲሁ የግቤት ኢንኮዲንግና የውጤት ኢንኮዲንግ በተናጠል ይሰየማሉ።

ይበልጥ አታላይ የሆነው ውጤቱ ወደ ፋይል ሲዞር የሚፈጠረው ስህተት ነው። የፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ከስሪት 3.6 ጀምሮ በዊንዶውስ ኮንሶል ላይ ዩኒኮድን (የብዙ ቋንቋዎችን ፊደላት የያዘውን የጋራ መለያ) በትክክል ያሳያል፤ ያው ፕሮግራም ውጤቱ ወደ ፋይል ሲላክ ግን በብዙ ስሪቶች የሲስተሙን ነባር ኢንኮዲንግ ስለሚከተል፣ ስክሪን ላይ ያማረው ጽሑፍ በስህተት መልእክት ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ በፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ የመደበኛ ውጤቱን ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ-8 ብሎ በግልጽ መወሰን ይሻላል።

ግቤትን በቁራጭ የሚያነብ ፕሮግራም ደግሞ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ወደ ጽሑፍ መቀየር የለበትም። 1024 ባይት የሚይዝ ማጠራቀሚያ ክፍተት በሌለው የግዕዝ ፊደል ጽሑፍ ሲሞላ፣ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ 341 ፊደላትን ከያዘ በኋላ የ342ኛውን አንድ ባይት ብቻ ያስገባል፤ ይህች የተቆረጠች ባይት ከሚቀጥለው ቁራጭ ጋር እስክትገናኝ መቆየት አለባት። ፊደላት አልፎ አልፎ ብቻ የሚበላሹበት ጽሑፍ ካጋጠመ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ሰንጠረዥ የሚያሳይ ፕሮግራም ካለ፣ የቻይንኛ ፊደል ብዙውን ጊዜ የ2 ዓምድ ቦታ ስለሚይዝ አሰላለፉ በፊደል ብዛት ሳይሆን በማሳያ ስፋት መሰላት አለበት።