ልጅን ሰዓት እንዴት ማስተማር ይቻላል? የግድግዳው ይቅደም፣ ስልኩ ይቆይ

ሳሎን የተሰቀለው ሰዓት 1 ተኩል ይላል። የእናት ስልክ በዚያው ደቂቃ 7:30 ብሎ ይጽፋል። እኛ ለምደነው ነው እንጂ ለስድስት ዓመት ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ ድሬዳዋ አብዛኛው ልጅ ከግድግዳ ሰዓት ይልቅ ስልክ ቀድሞ ስለሚያይ ግራ መጋባቱ ገና ከጅምሩ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ አታስተምሩ። በግድግዳው ባለ ቆጣሪ ሰዓትና በእኛ አቆጣጠር ይጀምር። ስልኩ የሚመጣው ልጁ ሳያመነታ ሰዓት መናገር ሲችል ነው።

1. ከሰዓቱ በፊት ቀኑ

ልጁ አስቀድሞ እስከ 60 ይቁጠር። በአምስት በአምስት መዝለልም ይልመድ፤ 5፣ 10፣ 15 እያለ። ይሄ ካልተያዘ ወደ ደቂቃ አትግቡ።

ጎን ለጎን ሰዓቱን ከሚያውቀው ነገር ጋር አያይዙለት። ፈጢራው የሚበላው 1 ሰዓት ገደማ ነው። የቀትር አዛን ሲሰማ 6 ሰዓት ሆኗል ማለት ነው። ሱቁ ተዘግቶ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት ሲያስገባ 7 እና 8 ሰዓት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ 12። አዛኑ ፀሐይን ስለሚከተል በዓመቱ ውስጥ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ይላል። ለግምት ግን ግሩም ነው።

የእኛ አቆጣጠር ለልጅ ይመቻል። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲያልፍ 1 ነው፣ ሁለት ሲያልፍ 2። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች፣ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ልጁ ይህን በዓይኑ ስለሚያየው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም።

2. የካርቶን ሰዓት

ካርቶን ላይ ሰሃን ደፍታችሁ ዙሪያውን አስምሩና ቁረጡ። ቁጥሩን ልጁ ራሱ ይጻፍ፤ ግን ከ1 ጀምሮ አይዙር። እንደዚያ ካደረገ 9 ላይ ሲደርስ ቦታ ያልቅበታል። መጀመሪያ 12 ከላይ፣ 6 ከታች፣ 3 በቀኝ፣ 9 በግራ። ከዚያ መሃል መሃሉን ይሙላ። ሁለቱ ቆጣሪዎች ቀለማቸው ይለያይ። መሃል ላይ በሸሚዝ ቁልፍና በወፍራም ክር እሰሯቸው።

3. አጭሩ ብቻውን

ብዙ ወላጅ የሚዘለው ይሄንን ነው። ረጅሙን ቆጣሪ አውጡት። ለጥቂት ቀናት አጭሩ ብቻ ይቅር።

አጭሩ 2 ላይ ሲሆን «ሁለት ሰዓት»። ከ2 ትንሽ ሲያልፍ «ሁለት አልፏል»። መሃል ላይ ሲሆን «ሁለት ተኩል»። 3ን ሊነካ ሲል «ሦስት ሊሞላ ነው»። ልጁ በዚህ ብቻ ሰዓቱን በግምት መናገር ይችላል። ደቂቃ ገና አልነካንም!

የሚቻላችሁ ከሆነ እዚሁ ድሬዳዋ ካለው ታይዋን ገበያ ርካሽ የግድግዳ ሰዓት ግዙ። መስታወቱን ክፈቱ፣ መጀመሪያ የሰከንዱን፣ ቀጥሎ የደቂቃውን ቆጣሪ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡ፤ ይወጣል። አጭሩ ብቻውን መዞሩን ይቀጥላል። ልጁ ሲያልፍ ሲያገድም ያየዋል፣ እናንተም «ስንት ሰዓት ሆነ?» ትሉታላችሁ። ከካርቶኑ ይህ ይሻላል፣ ምክንያቱም በራሱ ይሄዳል።

4. ረጅሙ ሲመለስ

ከእያንዳንዱ ቁጥር ውጪ በሌላ ቀለም ደቂቃውን ጻፉ። 1 ጎን 5፣ 2 ጎን 10፣ 3 ጎን 15 እያላችሁ 12 ጎን 60 ላይ ድረሱ። ቅደም ተከተሉ ሙሉ ሰዓት፣ ተኩል፣ ሩብ፣ ከዚያ በአምስት በአምስት ነው። «ጉዳይ» የመጨረሻው ይሁን።

«ለሦስት ሩብ ጉዳይ» ልጆችን ያስቸግራል። አጭሩ 3ን ሊነካ ስለቀረበ ልጁ «ሦስት ከአርባ አምስት» ይላል። አትቆጡት። «ሦስት ሞልቷል?» ብላችሁ ብቻ ጠይቁት። በአጭሩ ብቻ የተለማመደ ልጅ «አልሞላም» ብሎ ራሱ ያርማል።

በካርቶኑ ስታሳዩ አጭሩንም አንቀሳቅሱ። 2 ተኩል ሆኖ አጭሩ ልክ 2 ላይ ከቆመ ያስተማራችሁትን አፈረሳችሁት።

5. አሁን ስልኩ

ስልኩን በ12 ሰዓት አቆጣጠር አስተካክሉት። ከሁለቱ ነጥቦች በግራ ያለው ሰዓት፣ በቀኝ ያለው ደቂቃ ነው። ለልጁ መጀመሪያ ደስ የሚለውን ንገሩት፦ ደቂቃው በእኛም በፈረንጅም አንድ ነው። የሚለየው ሰዓቱ ብቻ ነው።

እሱንም «ስድስት ቀንስ» ብላችሁ አታስጨንቁት። ካርቶኑን አምጡ። ስልኩ 9:20 ካለ ጣቱን 9 ላይ ያድርግ፣ ከዚያ በመሃል አድርጎ ወደ ማዶ ይሻገር። 3 ያገኛል። ሦስት ከሃያ። 7 ከሆነ ማዶው 1፣ 12 ከሆነ 6፣ 2 ከሆነ 8። ለሁሉም ይሠራል፣ ቀንም ሌሊትም። አቦ፣ ይሄን ለአዋቂም አሳዩት፤ የሚደነቅ አይጠፋም።

ሲጽፍ ዜሮዋን ተከታተሉ። ሁለት ከአምስትን ልጆች 2:5 ብለው ይጽፋሉ። በቀኝ በኩል ሁልጊዜ ሁለት አኃዝ መኖር አለበት፤ 2:05።

የኢትዮጵያን ሰዓት የሚያሳዩ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ። እኔ ለልጅ አልመርጣቸውም። የአጎቱ ስልክ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ኮምፒውተሩ ሁሉ በፈረንጅ ነውና መሻገሩን ይልመደው።

ባለ 24ቱን ለትልልቆቹ አቆዩት። የአውሮፕላን ትኬት ላይ 19:40 ሲያይ፣ ከ12 የበለጠ ስለሆነ መጀመሪያ 12 ይቀንሳል፤ 7 ይቀረዋል። የ7 ማዶ 1 ነው። ከምሽቱ 1 ከአርባ። 07:40 ከሆነ ደግሞ ምንም ሳይቀንስ ይሻገራል፤ ከጠዋቱ 1 ከአርባ።