የኩሽና ካቢኔት ከመቀባቱ በፊት ቅባትን፣ ሰምንና ሲሊኮንን ስለ ማስወገድ

አዳማ ውስጥ አሮጌ የኩሽና ካቢኔት አድሶ ለመቀባት የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚይዘው ብርጭቆ ወረቀት ነው። እኔም የቤቴን የዋንዛ ካቢኔት በሮች በዚሁ መንገድ ጀምሬ፣ ቫርኒሹ ገና ሳይደርቅ ከምድጃው አጠገብ በነበሩት ሁለት በሮች ላይ የምስር ፍሬ የሚያህሉ ክብ ጉድጓዶች ሲከፈቱ አይቻለሁ። ጉድለቱ የቫርኒሹ አልነበረም፤ ለዓመታት የተከማቸው ቅባት በመፋቁ ወቅት ከብናኙ ጋር ተለውሶ ወደ እንጨቱ ቀዳዳዎች ገብቶ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ይጸዳል፣ ቀጥሎ ይፈተሻል፣ ብርጭቆ ወረቀት የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

በካቢኔት ላይ የሚቀመጠው እድፍ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የወጥ ፍንጣቂ፣ ስኳር፣ ጨውና የእጅ ላብ በውሃ ይለቃሉ፤ ዘይት፣ ንጥር ቅቤ፣ የጧፍ ጠብታና የወለል ሰም ግን የሚለቁት በማቅጠኛ ነው። ቦታቸውም የተለያየ ነው፦ የቁሌቱ እንፋሎት ይዞት የሚወጣው ዘይት በላይኞቹ በሮች ጠርዝ ላይ ያርፋል፤ የወለል ሰም የታችኛውን እግር ይይዛል፤ በእጀታው ዙሪያ ደግሞ ቫዝሊንና የፀጉር ቅባት ይገኛል። እነዚህን ሦስት ቦታዎች ከሌላው ሁሉ በላይ ደጋግሞ ማጽዳት ይገባል።

በሮቹን ከማጠፊያቸው ነቅለው፣ እጀታዎቹን ፈትተው፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፣ በተለምዶ ላርጎ የምንለውን፣ ጨምረው በተጨመቀ ጨርቅ ይጥረጉ። እንጨቱን በውሃ ማራስ አያስፈልግም፤ በተለይ ኮምፔንሳቶ ወይም ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ፣ ከሆነ በጠርዙ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በንጹሕ ውሃ የራሰ ሌላ ጨርቅ የሳሙናውን ቅሪት ካነሳ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ። በረኪና ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የእንጨቱን ቀለም ያነጣል እንጂ ሰሙን አያሟሟም።

ቀጥሎ ለዘይት ቀለም የሚሸጠው ማቅጠኛ፣ ማለትም አኳራጅ፣ ተራውን ይይዛል። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በአንድ ጨርቅ ብቻ በመሥራቱ ነው። ማቅጠኛው ቅባቱን ያሟሟል፤ ነገር ግን በራሱ ከተነነ ቅባቱን እዚያው መልሶ ያስቀምጠዋል። በአንድ እጅ የራሰ ጨርቅ፣ በሌላው ደረቅ ጨርቅ ይዘው፣ አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ በራሰው ካሹ በኋላ ሳይደርቅ በደረቁ ያንሱት፤ የጨርቁንም ገጽ ቶሎ ቶሎ እየገለበጡ፣ ቢጫ ወይም ቡናማ ምልክት መተው እስኪያቆም ድረስ ይድገሙት። ናፍጣና ነጭ ጋዝ ራሳቸው ቅባትነት ያለው ቅሪት ስለሚተዉ አይተኩትም። ቤንዚን ደግሞ እሳት የሚያስነሳ ነውና ፈጽሞ ወደ ቤት አይግባ። በአኳራጅም ቢሆን መስኮት ተከፍቶ፣ የከሰል ምድጃ በአቅራቢያው ሳይኖር ይሠራ።

ለፍተሻው ገጹን በውሃ በራሰ ጨርቅ አንድ ጊዜ ይጥረጉ። ውሃው ስስ ሆኖ በአንድነት ከተዘረጋ መልካም ነው፤ እንደ ደሴት ተቆራርጦ ከተሰበሰበ ቅባት ወይም ሰም ቀርቷል ማለት ነው። ይህ ፍተሻ ግን ሲሊኮንን ሁልጊዜ አያጋልጥም። ስለዚህ ከውስጥ በኩል በማይታይ ቦታ ትንሽ ቫርኒሽ ቀብቶ ማየትን የሚያህል ማረጋገጫ የለም።

ሲሊኮን የሚመጣው ከዕቃ ማብለጫና ከመኪና ዳሽቦርድ ማብለጫ ስፕሬይ ነው። እጅግ ስስ ሆኖ ስለሚቀመጥ በዓይን አይታይም፤ ቫርኒሹ ግን በላዩ መዘርጋት ያቅተውና ወደ ዳር ይሸሻል፣ ክብ ጉድጓድም ይከፈታል። በማቅጠኛ መጥረግ መጠኑን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። በእኔ አመለካከት አስተማማኙ መፍትሔ እንጨቱን ከቫርኒሹ የሚለይ የሼላክ፣ ማለትም በአልኮል የሚሟሟ የተፈጥሮ ሙጫ፣ ንብርብር መቀባት ነው። 120 ግራም ያህል ሼላክ በ1 ሊትር ንጹሕ አልኮል ውስጥ ይሟሟል። ሼላክ በተፈጥሮው ሰም ስላለው፣ ሰሙ ወደ ታች እስኪዘቅጥ ጠብቀው ከላይ ያለውን ጥሩ ፈሳሽ ብቻ ቀድተው ይጠቀሙ፤ ሰም ያለበት ሼላክ ላይ ፖሊዩሪቴን ቫርኒሽ በወጉ አይያያዝም። ሼላኩ የሚቀባው እንጨቱ በቁጥር 180፣ ቀጥሎ በቁጥር 220 ብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀና ብናኙ ከተነሳ በኋላ ነው።

በኮምፕሬሰር ለሚረጩ ሰዎች ሌላ ጥንቃቄ አለ። አዳማ በጅቡቲ መንገድ ላይ ያለች ከተማ እንደመሆኗ የእንጨት ሥራ ቤቱ ጎረቤት ብዙ ጊዜ ጋራዥ ነው፤ ከጎሚስታ የተዋሱት ኮምፕሬሰር ከአየሩ ጋር ዘይትና ውሃ ሊተፋ ይችላል። ከመርጨትዎ በፊት አየሩን ብቻ ለግማሽ ደቂቃ ወደ ንጹሕ መስታወት ይልቀቁ፤ ጭጋግ ወይም ነጠብጣብ ከታየ ማጣሪያ ሳይገጠምለት አይሥሩበት። ነፋሱም ቀላል አይደለም፤ በከተማዋ ዳርቻ የነፋስ ተርባይኖች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። መፋቁ በግቢ ይሁን፤ መቀባቱ ግን ወለሉ ውሃ ተርከፍክፎበት አቧራው በተኛ ክፍል ውስጥ፣ ውጭ ነፋሱ ጸጥ ባለ ሰዓት ይሁን።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጉድጓድ ከታየ ቫርኒሽ እየደረቡ ለመሙላት አይሞክሩ። ገና እርጥብ ሳለ በአኳራጅ ሙሉ በሙሉ ያንሱት፣ ገጹን በሁለት ጨርቅ እንደገና ያጽዱ፣ ሲደርቅ ሼላክ ይቀቡና ከዚያ ወደ ቫርኒሹ ይመለሱ። ጉድጓዱን ያጠፋል ተብሎ ቫርኒሹ ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ ራሱ ሲሊኮን ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ከገባ በሚቀጥለው ንብርብርም መጨመር ግድ ይሆናል፤ ብሩሹና መርጫውም ይበከላሉ። ያገለገሉት ጨርቆች ተጨብጠው አንድ ላይ አይቀመጡ፤ ዘይትና ቫርኒሽ የነካቸው በራሳቸው ሊግሉና ሊቃጠሉ ስለሚችሉ ከቤት ውጭ አንድ በአንድ ተዘርግተው ይድረቁ።