የካውቦይ ፊልምን ከነማሽኑ ማየት፦ ለድሬዳዋ የፊልም ምሽት የሚሆን መመሪያ

ድሬዳዋ ውስጥ ለወጣቶች ፊልም ማሳየት የሚፈልግ ሰው፣ የካውቦይ ጀብዱን ከሳይንስና ከፈጠራ ጋር ያጣመሩትን ፊልሞች ቢመርጥ መልካም ነው፤ ይህች ከተማ ራሷ ማሽን የወለዳት ናትና። ከጅቡቲ የተነሳው ሃዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ከባድና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለነበረ መስመሩ ከተራራው ግርጌ ቀረ፤ በዙሪያውም ከተማ ተቆረቆረ። በፊልሞቹ የምናየው የአሜሪካ ምዕራብም ባቡር፣ ቴሌግራፍና እሾሃማ ሽቦ በአንድ ሰው ዕድሜ የለወጡት ምድር ነው። ስለዚህ ልጆቻችን ተኳሹን ብቻ ሳይሆን ማሽኑንም እየተከተሉ እንዲያዩ ማድረግ ይቻላል።

ለመጀመሪያው ምሽት የምመርጠው ሮበርት ዜሜኪስ ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የ«ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» ሦስተኛ ክፍል ነው። ከቀደሙት ሁለት ክፍሎች ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ከመጀመሩ በፊት ጊዜን የምታቋርጠው መኪና በሰዓት 88 ማይል፣ ማለትም 142 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ካልደረሰች ጉዞው እንደማይሳካ በአጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። ንግግሩ ፈጣን እንግሊዝኛ ነው። ከተመልካቾቹ መካከል አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚያስረዱ ሁለት ሦስት ወጣቶችን አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ ፊልሙንም ከሦስት ጊዜ በላይ አለማቋረጥ ይበጃል፤ በየደቂቃው የሚቆም ፊልም ጀብዱነቱ ይጠፋል።

መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ለተመልካቹ ሦስት ጥያቄዎች ይሰጡ፤ ማሽኑ ምን ይበላል? ምን ይጠጣል? ሲበላሽስ በማን እጅና በየትኛው መሣሪያ ይጠገናል? እነዚህ ጥያቄዎች ቀላል ይምሰሉ እንጂ እውነተኛውን ፈጠራ ከምናቡ የሚለዩት እነሱ ናቸው።

የተጠቀሰው ፊልም በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ የተገነባ ነው ማለት ይቻላል። መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1885 በምዕራቡ በረሃ ስትደርስ የነዳጅ ቱቦዋ ይቀደዳል፤ ቤንዚን የሚሸጥበት ጣቢያ ደግሞ ገና አልተፈጠረም። በፈረሶች ለማስጎተት ይሞከራል፣ ፍጥነታቸው አይበቃም፤ ውስኪ ይሞከራል፣ የሞተሯን ክፍል ያፈነዳል። እዚህ ላይ ፊልሙን አቁሞ «በዚያ ዓመት በእርግጥ ቤንዚን አልነበረም?» ብሎ መጠየቅ ትልቅ ውይይት ይከፍታል። ካርል ቤንዝ የመጀመሪያ መኪናውን በጀርመን የሠራው በዚያው በ1885 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ባለቤቱ ቤርታ በዚያው ዓይነት መኪና ረጅም ጉዞ ስትወጣ፣ ነዳጅ ሲያልቅባት የገዛችው ከመድኃኒት ቤት ነው። ፈሳሹ ነበረ፤ ያልነበረው በየመንገዱ የሚያቀርበው አውታር ነው። አንድ ፈጠራ ከኋላው የሚቀልበው ከሌለ ቆሞ እንደሚቀር ወጣቶቹ የሚረዱት እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ማቆሚያ ባቡሩ ነው። የፊልሙ ሳይንቲስት ዶክ ብራውን መኪናዋን በሃዲድ ላይ አስቀምጦ በእንፋሎት ባቡር ሊያስገፋት ይወስናል፤ ፍጥነቱን ለመጨመርም እሳቱን በየደረጃው የሚያግሉ ሦስት ልዩ የተዘጋጁ ግንዶችን ወደ ምድጃው ይጨምራል። ግንዶቹ ምናብ ናቸው፤ ምክንያታቸው ግን እውነት ነው። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ በተለመደው የአየር ግፊት ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ ይህ መስፋት በቦይለር፣ ማለትም ውሃው በሚፈላበት የብረት ጋን፣ ውስጥ ሲታፈን ፒስተን የተባለውን ተመላላሽ ብረት ይገፋል፤ እሳቱ በበረታ መጠን ግፊቱ ይጨምራል፤ ከልክ ሲያልፍም ቦይለሩ ይፈነዳል። የክዳኗን ንቅናቄ እንዲያዩ በጀበና ውሃ አፍልቶ ማሳየት ከማንኛውም ሥዕል የተሻለ ያስረዳል።

ሦስተኛውን ማቆሚያ በድሬዳዋ ሙቀት ሁሉም ይወደዋል፤ ዶክ ብራውን በዚያ በረሃ አንድ ክፍል የሚሞላ ማሽን ሠርቶ በመጨረሻ አንዲት የበረዶ ኩብ ያወጣል። ልጆቹ ይስቃሉ፤ ይሁንና ነገሩ ከእውነት የራቀ አይደለም። ጆን ጎሪ የተባለ የፍሎሪዳ ሐኪም የበረዶ መሥሪያ ማሽን የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው፤ የታመቀ አየር ሲለቀቅና ሲሰፋ እንደሚቀዘቅዝ ተረድቶ ነበር። ስለዚህ በ1885 በረዶ ማምረት ይቻል ነበር፤ ምናቡ አንድ ሰው ከቁርጥራጭ ብረት በራሱ ቤት መሥራቱ ነው።

ለሁለተኛ ምሽት፣ ዕድሜያቸው ከፍ ላለ ተመልካቾች፣ የ1999ኙን «ዋይልድ ዋይልድ ዌስት» ማሳየት ይቻላል። ታሪኩ የሚካሄደው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው፤ ከምሥራቅና ከምዕራብ የመጡት ሃዲዶች በዩታ ግዛት የተገናኙበት፣ የመጨረሻው ሚስማር የተመታበትና ዜናው በቴሌግራፍ የተሠራጨበት ዓመት ነው። በፊልሙ ግን በእንፋሎት የሚሄድ ግዙፍ የብረት ሸረሪት ይታያል። ሁለተኛው ጥያቄ ወዲያውኑ ይጥለዋል፤ ውሃውን የሚሞላው የት ነው? የእንፋሎት ባቡር በመስመሩ ላይ የውሃ ማማዎች ይጠብቁታል፤ በሸረሪቷ በረሃ ግን ማማ አይታይም። እንደ ፊልም ከፊተኛው ያነሰ ይመስለኛል፤ እንደ ትምህርት ግን ይጠቅማል። የ1973ቱን «ዌስትወርልድ»ን ለአዋቂዎች ብቻ አድርጉት፤ ሮቦት ካውቦይ የሚያየውን ዓለም ለማሳየት ምስልን በኮምፒውተር በማቀናበር ፈር ቀዳጅ ፊልም መሆኑን ግን ንገሯቸው።

አንድ ነገር ሳይነገር እንዳይቀር አደራ እላለሁ። እነዚህ ፊልሞች ፈጣሪውን ያገንናሉ እንጂ ሃዲዱን የዘረጉትን እምብዛም አያሳዩም። በካሊፎርኒያ በኩል የነበረውን መስመር ከሠሩት አብዛኞቹ ቻይናውያን ነበሩ፤ ምድሩም ከባቡሩ በፊት የሚኖሩበት ሕዝቦች ነበሩት። ይህን ስታነሱ የኛንም መስመር አስታውሱ፤ እስከ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሆን፣ ድንጋዩን የፈለጡትና ሃዲዱን የተሸከሙት የብዙዎቹ ስም አይታወቅም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ ወጣቶቹን ወደ አሮጌው ለገሃር፣ ወደ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ፣ ውሰዷቸው። አንድ ጡረታ የወጡ ሸሚኖ፣ ማለትም የባቡር ሠራተኛ፣ ቢገኙ፣ ሦስቱን ጥያቄዎች ለእሳቸው እንዲያቀርቡላቸው አድርጉ፤ ሦስተኛውን፣ ማለትም ሲበላሽ በማን እጅና በየትኛው መሣሪያ ይጠገን እንደነበር፣ ረጅም ጊዜ ስጡት። ወጣቶቹ ደብተር ይዘው ይሂዱ፤ ሸሚኖው የሚጠሩትን የመሣሪያ ስም ሁሉ እሳቸው እንደሚሉት አድርገው ይጻፉ።