ትንሽ አገር ለምን ወታደራዊ ጥምረት ውስጥ ትገባለች? ተማሪዎቼ የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ለፈተና አወጣለሁ። መልሱም ስህተቱም ከዓመት ዓመት አይለወጥም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ፣ «የኔቶ አባል ከተወረረች ሌሎቹ ወዲያውኑ ይዘምቱላታል» የሚለው ነው። የኔቶ መመሥረቻ ውል አንቀጽ 5 እንዲህ አይልም! በአንዱ ላይ የተሰነዘረ የጦር ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተሰነዘረ ይቆጠራል ካለ በኋላ፣ እያንዳንዱ አባል አስፈላጊ መስሎ የታየውን እርምጃ ይወስዳል ይላል። ጦር ማዝመት ከአማራጮቹ አንዱ ነው። ቃሉ የላላውም በስህተት አይደለም፤ በ1949 ውሉ ሲረቀቅ የአሜሪካ ሴናተሮች ጦርነት የማወጅ ሥልጣን ከእጃቸው እንዲወጣ አልፈለጉም። እኔም ጀማሪ መምህር ሳለሁ «ወዲያውኑ ይዘምታሉ» እያልኩ አስተምሬያለሁ፤ አንዲት ተማሪ ውሉን ይዛ መጥታ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ እስክታነብልኝ ድረስ። አሥራ አራት አጫጭር አንቀጾች ናቸው። እባካችሁ አንብቧቸው።

ታዲያ ዋስትናው ይህን ያህል የላላ ከሆነ ምን ይጠቅማል? ኢስቶኒያን፣ ላትቪያንና ሊትዌኒያን ተመልከቱ። በ2004 ሲገቡ ተዋጊ ጄት አልነበራቸውም፤ ሰማያቸውን ሌሎች አባላት በተራ ይጠብቁላቸው ጀመር። ከ2017 ወዲህ ደግሞ በብሪታኒያ፣ በካናዳና በጀርመን የሚመሩ ተዋጊ ክፍሎች በምድራቸው ሰፍረዋል። ወራሪ ድንበሩን ቢሻገር በመጀመሪያው ቀን የሚገጥመው የትልልቆቹን አገሮች ወታደሮች ጭምር ነው። ለንደንና በርሊን ዳር ቆመው ለማየት ይቸገራሉ። ትንሿ አገር የምትሻው ይህን ነው።

«ሠራዊት የሌላት አገር ምን ታዋጣለች?» የሚሉም አሉ። አይስላንድ መደበኛ ጦር ሳይኖራት ከ12ቱ መሥራቾች አንዷ ሆናለች፤ ያዋጣችው በሰሜን አትላንቲክ መካከል መገኘቷን ነው።

ገለልተኝነት በነፃ ይገኛል የሚለውም ያው ነው። የቤልጂየም ገለልተኝነት በ1839 በታላላቅ መንግሥታት ፊርማ ተረጋግጦ ነበር፤ በ1914 ተወረረች። በ1936 እንደገና ወደ ገለልተኝነት ተመለሰች፤ በ1940 እንደገና ተወረረች። ስዊዘርላንድን የሚጠቅስልኝ ተማሪ ተራሮቿን ያስታውሳል፤ ወንዶቿን ሁሉ ለውትድርና ግዴታ የምትጠራ መሆኗን ግን አንድም ጊዜ ጽፎልኝ አያውቅም።

ጥምረት ሁሉ አንድ አይደለም። አርሜኒያ በሩሲያ በሚመራው የጋራ ደህንነት ስምምነት ድርጅት ውስጥ ሆና በ2022 ድረሱልኝ ብትል ጦር የላከላት የለም። በ2024 ተሳትፎዋን አቆመች።

ዕዳው በአንድ ወገን ብቻ የሚመስላቸውም ብዙ ናቸው። አንቀጽ 5 እስከ ዛሬ ሥራ ላይ የዋለው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ2001፣ ለአሜሪካ ነው። ከዚያ በኋላ በአፍጋኒስታን ትንሿ ዴንማርክ ከ40 በላይ ወታደሮቿን ቀብራለች። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል።

በመጨረሻም፣ መፈለግ ብቻውን አያስገባም፤ ሁሉም አባላት መስማማት አለባቸው። መቄዶንያ በ2008 በስሟ ምክንያት ግሪክ በሩን ዘጋችባት። ሰሜን መቄዶንያ ተብላ የገባችው በ2020 ነው።