ከአሜሪካ እስር ቤት ለሚደወል ስልክ ያለ አግባብ እንዳትከፍሉ

አሜሪካ ውስጥ የታሰረ ሰው ካላችሁ የስልኩን ሂሳብ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ኩባንያውን ግን አልመረጣችሁም። እስረኛውም አልመረጠም። የመረጠው ሸሪፉ (የአካባቢውን እስር ቤት የሚያስተዳድረው የፖሊስ ሹም) ወይም የማረሚያ ቤቱ አስተዳደር ነው፣ ብዙ ቦታ ደግሞ ለዓመታት ጨረታውን ያሸነፈው ከገቢው ዳጎስ ያለ ድርሻ ለእስር ቤቱ እመልሳለሁ ያለ ኩባንያ ነበር። ድርሻው ከቤተሰብ ኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ሌላ ኩባንያ ጋ መሄድ ስለማይቻል ዋጋውን የሚገታው ሕግ ብቻ ነው። ሕጉ አለ፣ ግን ቤተሰቡ ካላወቀው ማንም አንኳኩቶ አይነግረውም።

ለዚህ ሕግ ባለውለታችን ማርታ ራይት ሪድ የሚባሉ የዋሽንግተን ዲሲ ሴት አያት ናቸው። የልጅ ልጃቸው ሩቅ ታስሮ ነበር። ዐይነ ስውር ስለነበሩ ደብዳቤ ማንበብ አይችሉም፣ የቀራቸው ስልኩ ብቻ ነው። በ2000 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ሆነው ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የአገሪቱን ቴሌኮም ወደሚቆጣጠረው ኮሚሽን፣ ወደ ኤፍሲሲ መራው። ኤፍሲሲ ከስቴት ወደ ስቴት ለሚደረግ ጥሪ የዋጋ ጣሪያ ያወጣው በ2013 ነው፤ አስቀድሞ ለተከፈለበት በደቂቃ 21 ሳንቲም፣ ተቀባዩ ለሚከፍልበት 25 ሳንቲም። እዚያው ስቴት ውስጥ በሚደረገው ጥሪ ላይም ጣሪያ ሊያደርግ ሲል በ2017 ፍርድ ቤት ሥልጣን የለህም ብሎ ከለከለው። እሳቸው በ2015 አርፈዋል። በስማቸው የተሰየመው ሕግ በጥር 2023 ሲፈረም ያ ክፍተት ተደፈነ። አሁን ኤፍሲሲ የስቴት ውስጥ ጥሪም የቪዲዮ ጥሪም ላይ ሥልጣን አለው። ስለዚህ ኩባንያው "ይሄ የስቴት ውስጥ ጥሪ ስለሆነ አይመለከተንም" ካላችሁ አትቀበሉ።

መጀመሪያ ሰውዬው ያለው የት እንደሆነ በትክክል እወቁ። ፍርድ ያላገኘ ወይም አጭር ፍርድ የተፈረደበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው በካውንቲው ጄል ነው። ረዘም ያለ የተፈረደበት የስቴት ወይም የፌዴራል ፕሪዝን ይገባል። የዋጋው ጣሪያ በዚህና በጄሉ ስፋት ይለያያል። የ2024ቱ የኤፍሲሲ ውሳኔ ለምሳሌ ለፕሪዝንና 1,000 እና ከዚያ በላይ እስረኛ ለሚይዝ ጄል በደቂቃ 6 ሳንቲም፣ ከ100 በታች ለሚይዝ ትንሽ ጄል 12 ሳንቲም ነበር ያለው። ኮሚሽኑ ራሱ ሲያሰላው በትልቅ ጄል እስከ 11.35 ዶላር ይደርስ የነበረ የ15 ደቂቃ ጥሪ ወደ 90 ሳንቲም ይወርድ ነበር።

ከዚያ ነገሩ ወደ ኋላ ተጎተተ። በሰኔ 2025 መጨረሻ ላይ ኤፍሲሲ ውሳኔው ሥራ ላይ የሚውልበትን ጊዜ ወደ ፊት ገፋው፣ በጥቅምት ደግሞ ጣሪያዎቹን ከፍ አድርጎ አዲስ ውሳኔ አሳለፈ። እኔ ይሄ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። የ2024ቱ ዋጋ ከራሳቸው ከኩባንያዎቹ በተሰበሰበ የወጪ መረጃ ላይ ተመሥርቶ የወጣ ነበር። ለእናንተ ግን ትርጉሙ ይሄ ነው፤ የድሮ ዜና አንብባችሁ "6 ሳንቲም መሆን አለበት" ብላችሁ አትከራከሩ። የኤፍሲሲ ድረ ገጽ ላይ ስለ እስረኞች የስልክ አገልግሎት የተዘጋጀ ገጽ አለ፣ የዛሬውን ጣሪያ በእስር ቤት ዓይነትና ስፋት ከዚያ እዩ። ከዚያ ከሂሳባችሁ ጋር አስተያዩት።

ብር ከማስገባታችሁ በፊት ጥሪው ነፃ እንዳይሆን አረጋግጡ። ኮነቲከት፣ ካሊፎርኒያ፣ ሚኒሶታ፣ ማሳቹሴትስና ኒው ዮርክ በስቴት ፕሪዝኖቻቸው ስልክን ነፃ አድርገዋል። ማሳቹሴትስ የካውንቲ ጄሎችንም ይጨምራል። የኒው ዮርክ ከተማ ጄሎች ከ2019 ጀምሮ ነፃ ናቸው፣ ሳን ፍራንሲስኮና የሎስ አንጀለስ ካውንቲም እንዲሁ። ግን ካሊፎርኒያ ስለሆነ ብቻ ሁሉም ነፃ ነው ማለት አይደለም። የካሊፎርኒያ ሕግ የስቴት ፕሪዝኖችን ነው የሚመለከተው፣ የየካውንቲው ጄል የራሱ ውሳኔ አለው።

ነፃ ካልሆነ አካውንት ትከፍታላችሁ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሴኩረስና ቪያፓዝ ናቸው፤ ቪያፓዝ ድሮ ጂቲኤል ይባል የነበረው ነው። አካውንቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በእናንተ ስም ተከፍቶ ወደ እናንተ ቁጥር ለሚደረግ ጥሪ ብቻ የሚያገለግል፣ ሌላው በእስረኛው ስም የሚሞላና ወደፈለገው የተፈቀደ ቁጥር የሚደውልበት። ለብዙ ዘመድ የሚደውል ከሆነ ሁለተኛው ይሻላል፣ ብሩ አንድ ቦታ ይሆናል። ተቀባይ የሚከፍልበትን ጥሪ ግን ሌላ አማራጭ ሳይጠፋ አትቀበሉ።

እውነቱን ለመናገር ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው በደቂቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ባለው ነገር ነው። በድሮው ደንብ ኩባንያው ብር ባስገባችሁ ቁጥር በኦንላይን እስከ 3 ዶላር፣ በሰው በኩል ከሆነ እስከ 5.95 ዶላር ሊያስከፍል ይችል ነበር። ሃያ ዶላር ልታስገቡ ስድስቱ መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው። የ2024ቱ ውሳኔ እነዚህን ተጨማሪ ክፍያዎች ከልክሏል፣ ክልከላው ዛሬ ሥራ ላይ መሆኑን ግን እዚያው የኤፍሲሲ ገጽ ላይ አረጋግጡ። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ ከደቂቃው ዋጋ ውጪ "ፊ" (fee) የሚል መስመር ካያችሁ ዝም አትበሉ። ስክሪን ሾት አንሱ፣ ቀኑንም ጻፉበት።

ቀሪ ሂሳብም አለ። ሰውዬው ሲፈታ ወይም ወደ ሌላ እስር ቤት ሲዛወር አካውንቱ ውስጥ የተረፈው ብር የእናንተ ነው። ድሮ ጂቲኤል ለወራት ሳይነካ የቆየ ብር ይወስድ ነበር፣ በዚህም የጋራ ክስ ቀርቦበት በስምምነት ከፍሏል። አሁን በደንቡ ኩባንያው 180 ተከታታይ ቀን እንቅስቃሴ ያልታየበትን አካውንት እንኳ ብሩን ለባለቤቱ ለመመለስ መሞከር አለበት። እናንተ ግን ያን ያህል አትጠብቁ። በተፈታ ሳምንት ደውላችሁ ተመላሽ ጠይቁ፣ የጥያቄውን መለያ ቁጥርም ተቀበሉ።

አገር ቤት ያለች እናት ልጇን ማናገር ትፈልጋለች፣ እናንተም ሁለቱን ጥሪዎች አገናኝታችሁ ልታነጋግሯቸው ይቃጣችኋል። አታድርጉት። ሲስተሙ ብዙ ጊዜ ይለየውና መስመሩን ይቆርጠዋል፣ እስረኛው ደግሞ ስልክ ሊከለከል ወይም ሌላ ቅጣት ሊደርስበት ይችላል። ከ2021 ጀምሮ ለውጭ አገር ጥሪም ደንብ አለ። ኩባንያው የአገር ውስጡን ጣሪያና እሱ ለውጭ መስመር የሚከፍለውን ብቻ ነው የሚያስከፍለው። ወደ ኢትዮጵያ በደቂቃ ስንት እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ውድ ከሆነ ጥሪውን አጭር አድርጉት። ስለ ክሱ ደግሞ በዚህ መስመር ምንም አታውሩ፣ ጥሪው ይቀዳል። የጠበቃው ቁጥር እንዳይቀዳ በእስር ቤቱ መመዝገቡን ጠበቃውን ጠይቁት።

"የእስር ቤቱን አካባቢ ስልክ ቁጥር አውጣ፣ ይረክስልሃል" የሚል ምክር እስካሁን ይዞራል። የድሮ ብልሃት ነው። አሁን ጣሪያው ለቅርብም ለሩቅም ጥሪ ስለሆነ ብዙም አያተርፍም፣ በኢንተርኔት የወጣ ቁጥርንም አንዳንድ እስር ቤቶች ያግዳሉ።

አሁን ወደ ቅሬታው። ከጣሪያው በላይ ከከፈላችሁ፣ ያልነበረ ክፍያ ከተጨመረ፣ ጥሪው በተደጋጋሚ እየተቆረጠ ሂሳቡ ግን ከቆጠረ፣ ወይም ተመላሽ ከተከለከላችሁ መጀመሪያ ለኩባንያው በጽሑፍ አመልክቱ። ካልመለሰ ኤፍሲሲ። በድረ ገጹ የሸማቾች ቅሬታ ማዕከል ወይም በ1-888-225-5322 ይቻላል። ክፍያ የለውም፣ ጠበቃም አያስፈልግም። ኤፍሲሲ ቅሬታውን ለኩባንያው ይልካል፣ ኩባንያው በ30 ቀን ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። ብሩ እዚህ ደረጃ ላይ ሊመለስ ይችላል።

ስትጽፉ እንባችሁን ሳይሆን ቁጥሩን አስቀድሙ። የእስር ቤቱ ሙሉ ስም፣ ካውንቲውና ስቴቱ፣ የኩባንያው ስም፣ ጥሪው የተደረገበት ቀንና ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ስንት እንደተቆረጠባችሁ፣ በደንቡ ስንት መሆን እንደነበረበት፣ መጨረሻ ላይ ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጉ። "12 ደቂቃ አውርተን ይህን ያህል ተቆረጠ፣ ጣሪያው ይህን ያህል ነው፣ ልዩነቱ ይመለስልኝ" በቂ ነው። እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ከሆነ ነገሩን በአማርኛ በወረቀት አስፍራችሁ ልጆቻችሁ ወይም ጓደኛ ይተርጉምላችሁ፣ ደረሰኞቹን አያይዙ። የእስረኛውን የክስ ዝርዝር ግን አትጨምሩ፣ ለዚህ አያስፈልግም።

ጊዜ ካላችሁ አንድ ደረጃ ከፍ በሉ። ሸሪፉ ከስልክ ኩባንያው ጋር የፈረመው ውል የሕዝብ ሰነድ ስለሆነ ከካውንቲው በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ። ውሉ ውስጥ የደቂቃውን ዋጋ፣ እስር ቤቱ የሚያገኘውን ድርሻና ውሉ የሚያበቃበትን ቀን ፈልጉ። ቀኑ ወሳኝ ነው። ውሉ ከታደሰ በኋላ መጮህ ዋጋ የለውም፣ ሊታደስ ወራት ሲቀሩት ግን የካውንቲው ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ተመዝግባችሁ ጥቂት ደቂቃ መናገር ትችላላችሁ። ከሌሎች የእስረኛ ቤተሰቦች ጋር ሆናችሁ፣ ሂሳባችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ጥሪው ነፃ ይሁን ብላችሁም ጠይቁ።