ቴምፕሬቸሩ አልቆም ያለኝ ቧንቧ

ሦስት ቀን ያበሳጨኝ ነገር ይኸው። በኦፕንፎም (የፈሳሽ ፍሰትን በኮምፒውተር የሚያሰላ ሶፍትዌር) የላሚናር፣ ማለትም ሳይናወጥ በንብርብር የሚሄድ፣ የቧንቧ ፍሰት እየሠራሁ ነበር። ረጅም ቧንቧ ላለመሳል አጭር ቁራጭ ወስጄ መግቢያና መውጫውን በፔሪዮዲክ አገናኘሁ፤ በመውጫው የሚወጣው ያው በመግቢያው ይገባል ማለት ነው። ከግድግዳው እኩል ሙቀት ይገባል። ፍጥነቱ ቶሎ ረጋ። ቴምፕሬቸሩ ግን ዝም ብሎ ይወጣል።

መጀመሪያ ሜሹን (ቧንቧው ለስሌት የተከፋፈለበትን የትናንሽ ሴሎች መረብ) ጠረጠርኩ። ምስኪን፣ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። በመውጫው የወጣው ሙቅ ውሃ ያው ተመልሶ በመግቢያው ይገባል፤ ግድግዳው ደግሞ ይጨምርበታል። ሙቀቱ የሚያመልጥበት ቀዳዳ የለም።

መፍትሔው ቴምፕሬቸሩን ለሁለት መክፈል ነው፦ በፍሰቱ አቅጣጫ እኩል እየጨመረ የሚሄደውና የሚደጋገመው። ሶልቨሩ (እኩልታውን የሚፈታው ፕሮግራም) የሚፈታው የሚደጋገመውን ብቻ ነው። ሌላው እኩልታው ውስጥ ሙቀት ቀናሽ ሆኖ ይገባል። የጭማሪውን መጠን ለማግኘት፣ በአንድ ሜትር ግድግዳ የሚገባውን ሙቀት በማስ ፍሰት (በሰከንድ የሚያልፈው ክብደት) እና በስፔሲፊክ ሂት (አንድ ኪሎን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ሙቀት) ብዜት አካፈልኩ።

እዚህም ተሸወድኩ። ቀናሹን በአማካይ ፍጥነት አባዛሁት። ቴምፕሬቸሩ ቆመ፣ ደስ አለኝ፤ የኑሴልት ቁጥር (ሙቀት ከግድግዳው ወደ ውሃው ምን ያህል በደንብ እንደሚተላለፍ የሚለካው) ግን 6 መጣ። ከግድግዳው እኩል ሙቀት ለሚገባበት ክብ ቧንቧ 4.36 መሆን ነበረበት። በየሴሉ ባለው ፍጥነት ሳባዛው 4.36 ላይ ቁጭ አለ።

ግድግዳችሁ ቋሚ ቴምፕሬቸር ያለው ከሆነ ግን ይህን አትገልብጡ። እዚያ ለውጡ ቀጥታ መስመር አይደለም።